አንድ ሳምንት ኦማን፦ ባሕር፣ በረሃ፣ ተራራ፣ ዕቅዱ ግን ከዓርብ ነው የሚጀምረው

ኦማን ሊሄድ አንድ ሳምንት ዕረፍት ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ጎግል ማፕ ከፍቶ ፒን መደርደር ነው፣ መስጊዱ ላይ ፒን፣ ዋዲው (የወንዝ ሸለቆው) ላይ ፒን፣ በረሃው ላይ ፒን፣ ተራራው ላይ ፒን፣ ከዛ "ውይ ቅርብ ለቅርብ ናቸው እኮ" ማለት። እኔ የምለው ማፑን ዝጉትና ካላንደር ክፈቱ ነው። ኦማን ውስጥ ርቀት ያን ያህል አያስቸግርም፣ አስፋልቱ ምንም አይወጣለትም፣ የሚያስቸግረው ቀን ነው። ደስ የሚሉት ነገሮች የራሳቸው ቀን አላቸው፣ አንዳንዶቹማ ሰዓትም አላቸው። ኒዝዋ ከተማ ያለው የከብት ገበያ ዓርብ ጠዋት ነው፣ ትልቁ መስጊድ ደሞ ዓርብ ሙስሊም ላልሆነ ጎብኚ ዝግ ነው፣ ኢብራ ላይ ያለው የሴቶች ገበያ ረቡዕ ነው፣ ኤሊዎቹ ሌሊት ነው፣ ጽጌረዳው ሚያዝያ ነው። ይሄን ሳያዩ ሆቴል የያዙ ሰዎች ኒዝዋ ሰኞ ከሰዓት ይደርሱና ባዶ የገበያ መደብ ፎቶ አንስተው ይመለሳሉ።

ስለዚህ አብረን የምንሄደው ሰዎች በዋትሳፕ ግሩፓችን የገጠምነውን የዘንድሮውን ጭቅጭቅ ለመጨረስ ዕቅዱን ከዓርብ ወደ ኋላ ነው የሰራሁት። ዓርብ ንጋት ላይ ኒዝዋ መገኘት አለብን፣ በቃ፣ ሌላው ሁሉ ለዛ ይመቻቻል። ከዱባይ ቅዳሜ ወጥተን በቀጣዩ ቅዳሜ እንመለሳለን፣ መጀመሪያ ባሕሩ፣ ቀጥሎ በረሃው፣ መጨረሻ ተራራው። ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ዓመቱን ግን በፈረንጅ፣ እዚህ የምንኖር ሰዎች እንደዛ ነው የለመድነው።

ስለ ወቅቱ ብዙ አላወራም። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት፣ አለቀ። በሙቀቱ ወራት ርካሽ ሆቴል አገኘሁ ብሎ የሚሄድ ሰው አለ፣ ለሱ አንድ ቁጥር ልንገረው፦ ከሙስካት በስተ ደቡብ ያለችው ኩረያት የምትባል የባሕር ዳር ከተማ በ2018 ሰኔ ላይ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሙቀቷ ከ42.6 ዲግሪ በታች አልወረደም። ከፍተኛው አይደለም እኮ የምላችሁ፣ ዝቅተኛው ነው፣ ሰው ተኝቶ ባለበት ሰዓት ያለው። በዓለም ላይ ከተመዘገቡት ዝቅተኛ ሙቀቶች ሁሉ የላቀው ተብሎ ተመዝግቧል። እኛ የምንሄደው ጥር ላይ ነው። ደሞ ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ስለሚቀድም የሱንም ቀን ተመልከቱ፣ ቀን ቀን ምግብ ቤቱ በብዛት ዝግ ነው፣ ጉዞው ይቻላል ግን ሌላ ዓይነት ጉዞ ነው የሚሆነው። የጨረቃውንም እዩ። በረሃ ላይ ጨረቃ ሙሉ ከሆነች ኮከብ እናያለን ያላችሁት ነገር ይቀራል።

ወረቀት ነገር። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው ቪዛውን በኦማን ፖሊስ የኢ-ቪዛ ሳይት ላይ ቀድሞ ይጨርስ፣ የኤምሬትስ ነዋሪ ነኝ ብሎ ድንበር ላይ ቆሞ መከራከር አያዋጣም። መኪናው የራሳችሁ ከሆነ ኢንሹራንሱ ኦማንን የሚሸፍን መሆኑን በወረቀት ያዙ፣ የኪራይ ከሆነ ደሞ መኪናው ከሀገር እንዲወጣ አከራዩ የፈቀደበት ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ይሄን ቡክ ስታደርጉ ነው እንጂ ጠዋት ቁልፍ ስትቀበሉ አይደለም የምትጠይቁት። እና ፎር ባይ ፎር ይሁን። ሙስካትና ባሕር ዳሩ ብቻ ቢሆን ኮሮላም ይበቃል፣ ግን አሸዋና ጠጠር አለብን።

ብሩን በተመለከተ ሪያሉ ትልቅ ገንዘብ ነው፣ 1 ሪያል ወደ 2.6 ዶላር ነው፣ በድርሃም ከ9 ተኩል ትንሽ ቢያልፍ ነው። 1 ሪያል 1000 ባይሳ ነው የሚባለው። አንድ ነገር "12 ሪያል" ሲሏችሁ ቁጥሩ ትንሽ ስለሚመስል እጅ ወደ ኪስ ቶሎ ይገባል፣ እዛ ላይ ጠንቀቅ ነው። ቤንዚን ግን እርካሽ ነው፣ ሊትሩ ወደ 240 ባይሳ ገደማ።

እሺ ወደ ቀኖቹ። ቅዳሜ የመንገድ ቀን ነው። በሐታ ድንበር አድርጎ በሶሐር በኩል ሙስካት ወደ 450 ኪሎሜትር ነው፣ ድንበሩ ካላቆየን 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ምሽቱ የሙስካት የወደብ ሰፈር ለሆነችው ለሙጥራህ ነው፣ ሌላ ነገር መጨመር ክልክል። የባሕር ዳሩን መንገድ ይዞ በእግር መሄድ፣ ከዛ ሱቅ የሚሉት ገበያ ውስጥ መግባት። ሱቁ የቱሪስት ዕቃ በዝቶበታል፣ እውነት ነው፣ ግን የዕጣኑ ሽታ ከበሩ ነው የሚቀበላችሁ። ዕጣኑ የሚመጣው ከደቡቡ ከዶፋር ነው፣ የኛዎቹ የትግራይና የመተማ ዛፎች የሱ ዘመዶች ናቸው እንጂ አንድ አይነት አይደሉም፣ እዛ ውዱ ሆጃሪ የሚሉት ነጣ ብሎ ወደ አረንጓዴ የሚያደላው ነው። ሻጩ አንድ ፍሬ ፍም ላይ ጣል ያደርግላችኋል፣ ቀለል ያለ፣ ወደ ሎሚ የሚጠጋ ነገር አለው። የኛውን ዕጣን ከልጅነታችን ስለለመድነው "ይሄማ ምኑ ዕጣን ነው" የምትል እናት አትጠፋም፣ እኔ ግን ወድጄዋለሁ። መከራከር ይቻላል፣ በጨዋነት።

እሁድ ጠዋት የሱልጣን ቃቡስ ትልቁ መስጊድ። ሙስሊም ላልሆነ ሰው ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ነው የሚከፈተው፣ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ደርሶ ማልቀስ የለም። ሴቶች ፀጉር፣ ክንድና እግር መሸፈን አለባቸው፣ ነጠላ ይዛችሁ ኑ፣ እዛ ከምትከራዩ፣ ወንዶችም ቁምጣ አይሆንም። መስጊዱ የተመረቀው በ2001 ነው። ዋናው አዳራሽ ውስጥ ያለው ምንጣፍ ኢራን ውስጥ በእጅ የተሰራ ነው፣ 60 በ70 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 21 ቶን፣ ተቆራርጦ መጥቶ እዛው ነው የተገጣጠመው። ጎብኚ ምንጣፉን አይረግጥም፣ በላዩ ላይ በተዘረጋ መንገድ ነው የሚሄደው። ሁሉም ሰው ቀና ብሎ ቻንደሊየሩን ሲያይ እኔ ግን ውጪ ያሉትን ኮሪደሮች ነው የምወደው፣ እያንዳንዱ የግድግዳ ጉድጓድ በተለያየ የሙስሊም ዓለም የጥበብ ስልት የተጌጠ ነው፣ ሰው ስለማይበዛበት ደሞ ተረጋግቶ ማየት ይቻላል።

ከሰዓት ወደ አሮጌው ሙስካት። አል ዐላም ቤተ መንግሥት ከውጪ ብቻ ነው የሚታየው፣ ግራና ቀኙ ድንጋይ ላይ የቆሙት ጀላሊና ሚራኒ የተባሉት ምሽጎች ናቸው፣ ፖርቱጋሎች በ1580ዎቹ የሰሯቸው። ፖርቱጋል ሙስካትን የያዘችው በ1507 ነው፣ እኛ ጋ ክሪስቶፎሮ ዳ ጋማ ወታደሮቹን ይዞ ምጽዋ የወረደው በ1541 መሆኑን ስታስቡ እነዚህ ሰዎች በዚህ ባሕር ላይ ምን ያህል ሲመላለሱ እንደነበር ይገባችኋል። ከሙስካት ያስወጣቸው በ1650 ኢማም ሱልጣን ቢን ሰይፍ ነው፣ ስሙን ያዙት፣ ኒዝዋ ላይ እንደገና እናገኘዋለን።

ሰኞ ባሕር ዳሩን ይዘን ወደ ሱር። ሙስካት ሱር ወደ 200 ኪሎሜትር ነው፣ ባንቆም 2 ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ ግን ሙሉ ቀን ነው የሰጠሁት ምክንያቱም መሀል ላይ ዋዲ ሻብ አለ። መንገድ ላይ ቢማ ሲንክሆል ላይ ትንሽ እንቆማለን፣ የኖራ ድንጋዩ ከስር ተቦርቡሮ ጣራው ተደርምሶ የተፈጠረ ጉድጓድ ነው፣ ውሃው ሰማያዊና አረንጓዴ፣ የሀገሬው ሰው ኮከብ ወድቆበት ነው ይላል። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

ዋዲ ሻብ ግን አይቸኮልም። መኪናውን ከትልቁ የአውራ ጎዳና ድልድይ ስር ታቆሙና በትንሽ ጀልባ ውሃውን ትሻገራላችሁ፣ ደርሶ መልስ 1 ሪያል፣ ጉዞው ሁለት ደቂቃ እንኳን አይሞላም። ከዛ 45 ደቂቃ ያህል በእግር፣ መጀመሪያ በሙዝና በቴምር ማሳ መሀል፣ ቀጥሎ በገደሉ ግድግዳ ተጠግቶ፣ ድንጋዩ አንዳንድ ቦታ በሰው እግር ብዛት ልሟል፣ ነጠላ ጫማ አድርጋችሁ እንዳትመጡ። መንገዱ ሲያልቅ ዕቃ አስቀምጣችሁ ውሃ ውስጥ መግባት ነው። ኩሬ ከኩሬ እየተሻገራችሁ መጨረሻው ላይ ሁለቱ ግድግዳዎች ተጠጋግተው ጭንቅላት ብቻ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይቀራል፣ እሱን በዋና ሰንጥቆ የሚያልፍ ሰው ጣራዋ ክፍት ወደሆነች ዋሻ ይገባል፣ ውስጡ ፏፏቴ አለ፣ ብርሃኑ ከላይ ነው የሚወርደው፣ የሰው ድምፅ ሁሉ ያስተጋባል። እዛ ጋ እግር መሬት አይነካም፣ ዋና የማይችል ሰው ላይፍ ጃኬት ይያዝ ወይ የመጀመሪያዎቹ ኩሬዎች ላይ ይቅር፣ እነሱም ቆንጆ ናቸው፣ ማንም አያስገድዳችሁም። አለባበስ ላይ ሴቶችም ወንዶችም ቲሸርትና ከጉልበት በታች የሚደርስ ነገር፣ መንደር አጠገብ ነው ያለው፣ ሰው ቤት ደጃፍ ላይ እንዳላችሁ አስቡ።

አንድ ነገር ግን በቀልድ የማላልፈው አለ፣ ዝናብ። ዋዲ ማለት የወንዝ መንገድ ነው፣ እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ሆኖ ተራራው ላይ ዘንቦ ሊሆን ይችላል፣ ውሃው የሚመጣው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። በ2024 ሚያዝያ ሻርቂያ በሚባለው የምሥራቁ ክፍል ውስጥ የወረደው ጎርፍ ሕፃናት ተማሪዎችን ጨምሮ ብዙ ሰው ገድሏል። ስለዚህ ትንበያው ላይ ዝናብ ካለ ዋዲ ሻብ ይሰረዛል፣ "እስከዚህ መጥተን" የሚል ክርክር አልሰማም፣ ሱር ላይ አሳ እንበላለን። መኪና ይዞ ውሃ የሞላ መንገድ መሻገርም እንደዛው፣ ሕጉም ይቀጣል።

ሱር የመርከበኞች ከተማ ነች፣ ወደ ዛንዚባርና ወደ ሕንድ ሲነግዱ የኖሩ ሰዎች ሀገር፣ አሁንም ከእንጨት መርከብ የሚሰሩበት ግቢ አለ። በ1980 እዚህ የተሰራ ሶሐር የሚባል መርከብ ነበር፣ አንድ ሚስማር ሳይመታበት ሳንቃው በኮኮናት ገመድ ተሰፍቶ ነው ቻይና ድረስ የሄደው፣ አሁን ሙስካት አደባባይ ላይ ቆሟል፣ እሁድ ስናልፍ አሳያችኋለሁ። ማታ ግን ራስ አል ጂንዝ ነን። የአረንጓዴ የባሕር ኤሊዎች ጥብቅ ቦታ ነው፣ በ1996 ነው የተከለለው። ያለ አስጎብኚ ባሕር ዳሩ ላይ አይገባም፣ ሁለት ዙር አለ፣ አንዱ ማታ 3 ሰዓት አካባቢ ሌላው ሊነጋ ሲል 11 ሰዓት አካባቢ፣ ቀድሞ ቡክ ይደረጋል። ብዙ ኤሊ የሚወጣው ከግንቦት እስከ መስከረም ነው፣ ጥር ላይ ጥቂት ናቸው፣ ይሄን አሁኑኑ እወቁት፣ በኋላ ፊታችሁን እንዳታጠቁሩብኝ። ከወጣች ግን በዝምታ በጀርባዋ በኩል ትቆማላችሁ፣ ፍላሽ የለም፣ የስልክ መብራት የለም፣ አስጎብኚው ብቻ ነው ደብዘዝ ያለ መብራት የሚይዘው። በኋላ እግሮቿ አሸዋውን እንደ ጭልፋ እየዘገነች ታወጣዋለች፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ፣ ማንም አይቸኩላትም፣ ከዛ 100 ገደማ እንቁላል ትጥልና ጉድጓዱን ደፍና ሌላ የማታለያ ጉድጓድ ቆፍራ ወደ ባሕሯ ትመለሳለች። ዓይኗ ያነባል፣ ማዘኗ ግን አይደለም፣ የሰውነቷን ጨው የምታስወጣበት ነው። እኔ የንጋቱን ዙር ነው የምመርጠው፣ ሰው ይቀንሳል፣ ስትመለስም በብርሃን ታያላችሁ። እንቅልፍ የሚወድ ሰው የማታውን ይሂድ።

ማክሰኞ በረሃ። ከሱር ወደ ምዕራብ ስንመለስ ዋዲ በኒ ኻሊድ መንገዳችን ላይ ነው፣ ቴምር መሀል ያለ ሰፊ ኩሬ፣ እስከ ውሃው ድረስ ለመሄድ ብዙም ድካም የለውም፣ ሻብ ላይ ያልዋኘ ሰው እዚህ ይካሳል። ግን ከ8 ሰዓት በላይ መቆየት የለብንም ምክንያቱም አሸዋው ላይ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት መድረስ አለብን።

የሻርቂያ አሸዋ ብዙ ሰው አሁንም ዋሂባ ነው የሚለው፣ ስፋቱ 12,500 ካሬ ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ የአሸዋ ጋራዎቹ እስከ 100 ሜትር ይደርሳሉ። አሸዋው ጠርዝ ላይ ያለችው ቢዲያ ስትደርሱ የጎማ ሱቆቹ ጋ ትቆማላችሁ፣ እዛ ጎማ ማስተንፈስ ነው ሥራው። ልጁ ጎንበስ ብሎ ከቫልቩ ላይ ቆቡን ያወጣና አየሩ ፊሽ እያለ ሲወጣ በጌጁ ያያል፣ ከ35 አካባቢ ወደ 16 ወይ 18 ፒኤስአይ ያወርደዋል፣ ጎማው ከስር ሰፋ ይልና መሬቱን በደንብ ይይዛል። አሸዋ ላይ ሁለት ነገር ብቻ አስታውሱ፣ ፍሬን ላይ ድንገት አለመቆም፣ ጎማው ከዞረ ነዳጅ አለመጨመር፣ ነዳጅ በጨመራችሁ ቁጥር ራሳችሁን ነው የምትቀብሩት። በረሃ ነድቶ የማያውቅ ሰው ካምፑ ከመንገዱ ዳር መጥቶ ይዞት እንዲገባ ይጠይቅ፣ ብዙዎቹ ካምፖች ያደርጉታል። ደፋር ነኝ ብሎ ብቻውን የሚገባ ሰው ግሩፑ ውስጥ አለ፣ ራሱን ያውቃል።

ማታው ይበርዳል፣ ጃኬት ያዙ። ቡናቸውን ያመጡላችኋል፣ ሄል ያለበት፣ ከቴምር ጋር የሚቀርብ ነገር፣ ቀለሙ ሻይ የሚመስል፣ የቡና ሀገር ሰው ሆናችሁ ፊት አትቋጥሩ፣ ስኒዋ ትንሽ ነች፣ ሲበቃችሁ ስኒዋን ነቅነቅ አድርጋችሁ መመለስ ነው፣ ካልነቀነቃችሁ ሲቀዳላችሁ ያድራል። ኳድ ባይክ ምናምን የሚሉትን እኔ አልፈልግም፣ ሌላውን ሰው አልከለክልም፣ ግን ፀሐይ ስትወጣ ድምፁን አጥፉልኝ።

ረቡዕ በጠዋት መውጣት የግድ ነው፣ ምክንያቱ ኢብራ። የረቡዑ ገበያ የሴቶች ነው፣ ሻጯም ገዢዋም ሴት፣ ጨርቁ፣ ሽቶው፣ የብር ጌጡ፣ የሕፃን ልብሱ፣ ሁሉም። ወንዶቹ ውጪ ቁጭ ብለው ሻይ ይጠጣሉ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ምንም ማድረግ አይቻልም። ፎቶ ግን ሳትጠይቁ አታንሱ፣ ከጠየቃችሁም እምቢ ሊሏችሁ ይችላሉ፣ መብታቸው ነው። ከዛ በሲናው በኩል ወደ ኒዝዋ።

ኒዝዋ ሳንገባ ቢርከት አል ሞዝ ላይ እንቆማለን። እዚህ ያለው ፈለጅ አል ኻትመይን ይባላል፣ በ2006 ዩኔስኮ ከመዘገባቸው 5 የኦማን የመስኖ ቦዮች አንዱ ነው። በሀገሪቱ ውስጥ ወደ 3,000 የሚጠጉ አሁንም ይሰራሉ። ውሃው ከተራራው ስር በመሬት ውስጥ ቦይ ተስቦ ያለ ምንም ፓምፕ በዝቅታው ብቻ መንደሩ ይደርሳል፣ መጀመሪያ የመጠጡ፣ ቀጥሎ የመስጊዱ፣ መጨረሻ የማሳው። ድርሻው የሚለካው በሊትር ሳይሆን በሰዓት ነው፣ ድሮ ቀን በጥላ ሌሊት በኮከብ እየቆጠሩ፣ እኛ ጋ የውሃ አባት የምንለው አይነት ሰው እዚህም አለ፣ የማን ተራ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። እግራችሁን ቦዩ ውስጥ አትንከሩ፣ ሰው ይጠቀምበታል።

ሐሙስ ተራራ። ግሩፑ ለሁለት የተከፈለው እዚህ ላይ ነው፣ ጀበል አኽዳር ወይስ ጀበል ሻምስ። ሁለቱንም በአንድ ቀን የሚል ሰው አለ፣ ያ ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ተራራ አየሁ ሊል ነው የሚፈልገው። የኔ መልስ አሁንም ካላንደር ነው። አኽዳር የሚያምረው ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ጽጌረዳው ሲለቀምና የጽጌረዳ ውሃው ሲፈላ ነው፣ ወይም ነሐሴና መስከረም ላይ ሮማኑ ሲደርስ። ጥር ላይ እርከኑ ደረቅ ነው። ደሞ መግቢያው ላይ ፖሊስ አለ፣ ፎር ባይ ፎር ያልሆነ መኪና አያሳልፍም፣ የሚያስቸግረው መውጣቱ አይደለም፣ መውረዱ ነው፣ ፍሬን ይግላል። ስለዚህ ጥር ላይ ሻምስ፣ ሚያዝያ ላይ የሚሄድ ሰው አኽዳር።

ጀበል ሻምስ 3,000 ሜትር ገደማ ነው፣ የሀገሪቱ ትልቁ ተራራ። ዳሸን ከ4,500 በላይ ነው ብላችሁ እንዳትኮሩ፣ እዚህ ቁመቱ አይደለም ነገሩ፣ ገደሉ ነው። ዋዲ ጉል የሚባለው ሸለቆ ከእግራችሁ ስር ወደ 1,000 ሜትር ይወርዳል፣ ዛፍ የለ ሣር የለ፣ እርቃኑን የቆመ የኖራ ድንጋይ። ይሄ ድንጋይ አንድ ጊዜ የባሕር ወለል ነበር፣ ቅሪተ አካል አሁንም ውስጡ ይገኛል፣ ሰኞ ዳሩን ይዘን የነዳንበት ባሕር ዘመድ ነው። የባልኮኒ መንገዱ ከአል ኺጣይም ይነሳና የገደሉን ወገብ ይዞ አስ ሳብ ወደተባለ ሰው ወደለቀቀው መንደር ይወስዳል፣ ደርሶ መልስ 4 ሰዓት ያህል፣ ብዙም ዳገት የለውም፣ ግን አጥር የለም። ከፍታ የሚፈራ ሰው መኪናው ጋ ካለው ቦታ ሆኖ ይየው፣ ከዛም በደንብ ይታያል። ፍየሎቹ ምሳችሁን ለመቀማት ይከተሏችኋል፣ ሴቶችና ልጆች ከፍየል ፀጉር የተሸመነ የቁልፍ ማንጠልጠያ ይሸጣሉ፣ ግዙ። ውሃ ለአንድ ሰው 2 ሊትር፣ ጥላ የለም። ከምሽቱ በፊት ጠጠሩን ጨርሰን ወርደን ኒዝዋ እናድራለን።

እና ዓርብ ደረሰ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ገበያው ጋ ቆመን መሆን አለበት። ክብ ቦታ ነው፣ ገዢው መሀልና ዳር ቁጭ ይላል፣ ሻጩ ፍየሉን በገመድ ይዞ በክቡ ይዞራል፣ እየዞረ ዋጋውን ይጮሃል። የፈለገ ገዢ እጁን ዘርግቶ ያስቆመዋል፣ ጥርሱን ገልጦ ያያል፣ ወገቡን ጨበጥ ያደርጋል፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይ ገፋ አድርጎ ይለቀዋል፣ ሁለተኛ ዙር ሲመጣ ደሞ ያስቆመዋል። የፋሲካ ዋዜማ በግ ተራ ሄዳችሁ የምታውቁ ከሆነ ቋንቋው ባይገባችሁም ጨዋታው በደንብ ይገባችኋል። በሬዎቹ መጨረሻ ነው የሚመጡት፣ እነሱ ሲመጡ ከመንገዳቸው ዞር በሉ፣ ካሜራ ይዞ መሀል የሚቆም ቱሪስት አለ ሁሌም። 3 ሰዓት ላይ ነገሩ እየተበተነ ነው።

ከዛ ምሽጉ፣ ከጁምዓ ሶላት በፊት። ትልቁን ክብ ማማ ያሰራው ያ ፖርቱጋሎችን ያባረረው ሱልጣን ቢን ሰይፍ ነው፣ 12 ዓመት ገደማ ፈጅቷል ይባላል። ውስጡ እስከ ግማሹ በአፈርና ድንጋይ የተሞላ ነው፣ መድፍ እንዳያፈርሰው። ደረጃው ጠመዝማዛ ነው፣ በየበሩ ላይ ቀና በሉና እዩ፣ ቀዳዳ አለ፣ የፈላ የቴምር ሽሮፕ በሱ ነው ጠላት ላይ የሚያፈሱት የነበረው። ከሰዓት ባሕላና ጀብሪን። ባሕላ በ1987 ዩኔስኮ የተመዘገበ ግዙፍ የጭቃ ምሽግ ነው፣ ከውስጡ ይልቅ ከሩቅ ያምራል፣ ጀብሪን ግን ከውስጥ ነው፣ በ1670ዎቹ የተሰራ፣ ጣራዎቹ በቀለም ያጌጡ፣ ለጦርነት ብቻ ሳይሆን ለመኖርና ለመማር የታሰበ ቤት። ሰዓት ካጠረን ባሕላን በመንገድ እያየን እናልፈዋለን፣ ጀብሪንን አልለቅም።

ቅዳሜ መመለሻው በሙስካት አይደለም፣ በኢብሪ በኩል ወደ ሐፊት ድንበርና አል ዐይን ነው፣ እንደዛ ከሆነ አንድ መንገድ ሁለት ጊዜ አንነዳም። መሀል ላይ ከመንገዱ ወጣ ብሎ አል ዐይን የሚባሉ መቃብሮች አሉ፣ የኤምሬትሱ አል ዐይን አይደለም፣ ኮረብታ ጫፍ ላይ በድንጋይ ተደራርበው የተሰሩ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ሺህ ዓመት የነበሩ ሰዎች ናቸው የሰሯቸው፣ ከኋላቸው ጀበል ሚሽት ቆሟል። ጠዋት ነው የሚያምሩት።

ደቡብ ያለችው ሳላላስ ለሚለው ሰው፣ በየዓመቱ አንድ ሰው ይጠይቃል፣ ከሙስካት 1,000 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ጊዜው ደሞ ሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ዝናቡ ሲገባ ነው፣ ሌላ ሳምንት፣ ሌላ ግሩፕ። ሙሰንደምም እንደዛው፣ እሱ ከራስ አል ኸይማ ጎን ስለሆነ ለሁለት ቀን ዕረፍት ይበቃል። የበረሃውን ካምፕና የራስ አል ጂንዝን ቡኪንግ እኔ ይዣለሁ፣ የኒዝዋን አዳር ሌላ ሰው ይያዝልኝ፣ ሐሙስ ማታ ቶሎ ነው የሚሞላው፣ ሁሉም ለዓርብ ስለሚመጣ። ፓስፖርቱ 6 ወር የማይቀረው ሰው ካለ ዛሬውኑ ይናገር።